እንጦጦ አረንጓዴ ነው፤ ወፎቹስ?

ሾላ ሥር · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ትንሽ የልጅ ነው፤ ታገሱኝ።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው መሀል ትልቅ ሾላ ነበር። ሾላው ሲያፈራ ጠዋት ጠዋት አንድ ወፍ ይመጣል። አረንጓዴ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ አለው። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ድመት ይሮጣል። ሲበር ክንፉ ውስጥ ያለው ቀይ ቦግ ይላል። ድምፁ ደግሞ ያስቃል። ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ ነው የሚመስለው።

ግቢው አሁን የለም። ሾላውም የለም። እሱን ትቼዋለሁ። ግን ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ዛፍ በዛፍ ነው። ያየነው ግን ቁራ፣ ጭልፊት፣ እርግብ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቡናማ ነገሮች። ልጄ «እማ፣ ወፎቹ ተኝተዋል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ያ የልጅነት ወፌ ማነው? እንዲህ ባለ ትልቅ ጫካ ውስጥስ ወፍ ለምን ጠፋ? ወይስ ዓይኔ ነው የደከመው?

ካሜራ ብቻ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ሶሪት ናት! ያለ ጥርጥር። ያ ቀይ በነገራችን ላይ የብርሃን ጨዋታ አይደለም። ብዙ ወፎች ላይ የምናየው አረንጓዴና ሰማያዊ ከላባው አሠራር ይመጣል። የሶሪት ቀይ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፤ ውስጡም መዳብ አለው። መዳብ የለበሰች ወፍ ፒያሳ ላይ ነበረችሽ ማለት ነው።

አልጠፋችም፤ አይዞሽ። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አንስቻታለሁ። አንዳንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም አለች። የበሰለ ፍሬ ያለው ትልቅ ዛፍ ካገኘሽ ሥሩ ቁሚና ጠብቂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣችሁት?

ሾላ ሥር · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡12

አራት ሰዓት አካባቢ። ቅዳሜ እኮ ነው፤ ቁርስ አለ።

ካሜራ ብቻ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

እንግዲህ ግማሹ መልስ ያ ነው። በአራት ሰዓት ወፍ ሥራዋን ጨርሳ ጥላ ትፈልጋለች። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው ነገሩ።

አቶ ባህር ዛፍ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡50

እኔ ይህ «ወፍ ጠፋ» የሚባል ወሬ አይገባኝም። ካዛንቺስ ነው የምሠራው። እርግብ መስኮታችንን አበላሽታ ጨርሳለች። ባለፈው ሳምንት ጭልፊት ከባልደረባዬ እጅ ላይ ጥብስ ነጥቃ ሄደች፤ እንጀራውን ትታ ሥጋውን ብቻ! ቁራ ደግሞ ከሰው ይበልጣል። የቱ ጋ ነው የቀነሰው?

ደግሞ አሁን እዚህ ላይ አንዱ መጥቶ ባህር ዛፍን ሊወቅስ ነው። አስቀድሜ ልናገር። ምኒልክ ማገዶ አልቆባቸው ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር። ባህር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ እኔም እናንተም ዛሬ አዲስ ዓለም ላይ ሆነን ነው የምንጨቃጨቀው።

ጉለሌ መምህር · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

ልጆች፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይቅርታ።

በመጀመሪያ ከአቶ ባህር ዛፍ ጋር እስማማለሁ። ታሪኩ ትክክል ነው። ጭልፊትና እርግብ በዝተዋል የሚለውም ትክክል ነው። ግን አንድ ነገር አስብልኝ። መርካቶ ውስጥ ያለው ሱቅ ሁሉ አንድ ቀን ጫማ ብቻ መሸጥ ቢጀምር፣ ገበያው እንደ ሞቀ ይቀጥላል። የሱቁም ቁጥር አይቀንስም። ጨው ግን አታገኝም። ከተማችን ላይ እየሆነ ያለው እንዲህ ነው። ፍርፋሪ የሚበላ፣ ፎቅ ላይ የሚያድር፣ ሰው የማይፈራ ወፍ ይበዛል። ፍሬ ለቃሚው፣ ግንድ ውስጥ የሚፈለፍለው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ የሚዘምረው ይሳሳል።

አሁን ወደ እንጦጦ። ጫካ አንድ ነገር አይደለም፤ እንደ ፎቅ ቤት ነው። ምድር ቤቱ የረገፈ ቅጠልና አፈር ነው። እዚያ ቆቅ ትጭራለች፤ ትል የምትለቅም ወፍ ትሠራለች። አንደኛ ፎቅ ቁጥቋጦው ነው፤ ቀጋው፣ አምጃው፣ እንጆሪው። ከዚያ በላይ ወይራው። ከሁሉም በላይ ጽዱና ዝግባው። እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ተከራይ አለው።

ባህር ዛፍ ሥር ቁምና እይ። ከላይ ቅጠል አለ፤ ከታች መሬት አለ፤ መሀሉ ባዶ ነው። ግንዱ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ትንንሽ ነፍሳት መደበቂያ አያገኙም። ፍሬው ደረቅ ነው፤ ለሶሪት ምኗም አይደለም። የረገፈውንም ቅጠል ሰው ለማገዶ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ምድር ቤቱም ተዘጋ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር አበባው ለንብና አበባ ለሚመጡት ወፎች ይጠቅማል። ጭልፊትና ጥንብ አንሳም ረጅሙ ጫፍ ላይ ማደር ይወዳሉ። ከዚያ ያለፈ ተከራይ ግን ጥቂት ነው።

አቶ ባህር ዛፍ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡41

መምህር፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። ታዲያ ባህር ዛፉን ቆርጠን እንጣለው?

ጉለሌ መምህር · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡30

የለም፣ የለም። ባንዴ ከቆረጥከው በመጀመሪያው ክረምት አፈሩ ሽሮ ሜዳ ላይ ይወርዳል። የእንጦጦ ተረተር እስከ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርስ ገደል ገደል የበዛበት ቦታ ነው። ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ያረጀ ባህር ዛፍ ሥር ካልተጠረገና ካልታረሰ አገር በቀል ችግኝ ራሱ ይበቅላል። ማን ተከለው? ወፍ። ወይራ በልታ፣ ባህር ዛፍ ላይ አርፋ፣ ዘሩን ጥላ ትሄዳለች። ያንን ችግኝ አለማጨድ ብቻ ትልቅ ሥራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ነው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

«የረገፈውንም ቅጠል ሰው ይጠርገዋል» የምትለዋን ሳነብ ትንሽ ከበደኝ። ያ «ሰው» እናቴ ነበረች።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ እንጦጦ ትወጣለች። ቅጠሉንና ጭራሮውን ጠርጋ፣ አስራ፣ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባዋ ተሸክማ ትወርዳለች። ቁልቁለቱን ጎንበስ ብላ ስትወርድ አንድ ቀን ቀና ብላ ወፍ ያየች አይመስለኝም። ሦስት ልጅ ያሳደገችው ግን በዚያ ቅጠል ነው። ስለዚህ ጥፋቱን እዚያ አታሳርፉት።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ መምህር ያሉት ነገር ዓይኔን ከፍቶታል። እናቴ ራሷ «ከላይ ከጽዱ ጋ ስደርስ ጫጫታ ነው፤ ባህር ዛፉ ውስጥ ስገባ ጸጥ ይላል፤ ስለዚህ እዚያ እፈራለሁ» ትለን ነበር። ጅብ ፈርታ ነው ብለን ነበር የምናስበው።

ጉለሌ መምህር · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ልጄ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አነጋገሬ ቀና አልነበረም። እናትህ ያሉትን ግን ክፍል ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ባስተምር እንዲህ አሳጥሬ አልገልጸውም። አሉ? ካሉ ሰላም በልልኝ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:52

አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን በጋዝና በኤሌክትሪክ ነው የምታበስለው። ቅጠል ስታይ ፊቷን ታዞራለች 😄

ካሜራ ብቻ · ሰኞ፣ ቀን 7፡10

መምህር ስለ ፎቆቹ ሲያወሩ አንድ ክፍል ዘለሉ፤ እኔ ልጨምር። ቀዳዳ!

ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀን አለች አይደል? ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ የላትም። ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በተፈጥሮ የትም አትገኝም። አዲስ አበባ ላይ ግን በየግቢው እየጮኸች ስታልፍ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። የጽድ ፍሬ ትወዳለች፤ ሾላም ትበላለች። ቤቷ ግን የዛፍ ቀዳዳ ነው። ራሷ መቆፈር አትችልም። ወይ ግንደ ቆርቁር የቆፈረውን ትወርሳለች፣ ወይ ቅርንጫፍ ተሰብሮ የበሰበሰበትን ታገኛለች። ቢጫ ግንባሯ በቀቀንም እንደዚሁ ናት፤ እሷ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም።

እኛ ምን እናደርጋለን? ደረቅ ግንድ ስናይ «ያስቀይማል» ብለን እንቆርጠዋለን። ሽማግሌ ዛፍ ስናይ «ሊወድቅ ነው» እንላለን። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ጥሩ ነው፣ እኔም ተክያለሁ። ግን ዛሬ የተከልኩት ጽድ በቀቀን የምትገባበት ቀዳዳ የሚያወጣው የልጅ ልጄ ሲያረጅ ነው። እስከዚያ ያለው ቀዳዳ ያረጀው ዛፍ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አቶ ባህር ዛፍ · ሰኞ፣ ቀን 7፡35

ይቺ ነጥብ ገባችኝ። የቤት እጥረት ነው በለኛ። ለእኔ ይህ አዲስ አይደለም፤ አሥር ዓመት ተከራይቻለሁ።

ቄራ ማዶ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሁላችሁም ስለ ቆንጆ ወፍ ነው የምታወሩት። ስለ አስቀያሚዋ ማን ይናገርላት?

ቄራ አካባቢ ነው የምኖረው። ልጅ ሆኜ ጣሪያችን ላይ ጥንብ አንሳ ተሰልፎ ይቀመጥ ነበር። ዝናብ ሲያባራ ክንፋቸውን ዘርግተው ያደርቃሉ፤ የታጠበ ካፖርት የተሰጣ ነበር የሚመስለው። ዛሬም አሉ፤ ግን እቆጥራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ማን ይቆጥር ነበር?

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን ሊጠፉ ጫፍ ላይ ከደረሱት መዝገብ አስገባቸው። አንዷ ያቺ በከተማችን የምናያት ትንሿ፣ አንገቷ ላይ ኮፍያ የጣለች የምትመስለው ናት። በአህጉሩ በስምንት ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ30 ዓመት ውስጥ በአማካይ 62 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ሰው ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል፤ አሞራዋ ትበላለች። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ።

አይጥ በመርዝ ገድላችሁ ሜዳ ላይ የምትጥሉ ሰዎች፣ ያቺን አይጥ ጉጉት ወይም ጭልፊት ታነሳታለች። ቅበሩት እባካችሁ።

ሾላ ሥር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

አንድ ጥያቄ ጠይቄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ 😅

እኔም አንድ ልጨምር። መሥሪያ ቤቴ ያለበት ሕንፃ ዙሪያው መስታወት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ጠዋት ስገባ በር ላይ የሞቱ ትንንሽ ወፎች አገኛለሁ። ጥበቃው በመጥረጊያ ይገፋቸዋል። «እመቤት፣ ዓይናቸው አያይም መሰለኝ» አለኝ። ምንድን ነው?

ካሜራ ብቻ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

ዓይናቸው ያያል፤ ችግሩ የሚያዩት ሰማይና ዛፍ መሆኑ ነው። መስታወቱ ላይ የተንጸባረቀውን እውነት መስሏቸው ይገባሉ።

ወሩን ማንሳትሽ ጥሩ ነው። አደይ አበባ ስትፈነዳ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ትንንሾች በሌሊት ነው የሚጓዙት። ፎቅ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ያደናግራቸዋል፤ ከዚያ ሲነጋ መስታወት ይጠብቃቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማታ መብራት ማጥፋት፣ መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል ጠበብ ጠበብ ያሉ ነጥቦች ወይም መስመሮች መለጠፍ። አንድ ትልቅ የአሞራ ምስል መለጠፍ ግን ምንም አይሠራም። በጎኑ አልፈው ይጋጫሉ።

አቶ ባህር ዛፍ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እሺ ተረታሁ እንበል፤ ግማሽ ተረታሁ። ግን አሁንም አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። «ድሮ ብዙ ነበር» የሚል ሰው ሁሉ ስለ ልጅነቱ ነው የሚያወራው። ልጅ ሆነን ሁሉም ነገር ብዙ ነበር። ከረሜላውም ይጣፍጥ ነበር። በምን እናውቃለን?

ጉለሌ መምህር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የዚህ ክር ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። ተማሪዬ ብትሆን ነጥብ እጨምርልህ ነበር።

የምናውቀው በመቁጠር ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማኅበሩ በአገሪቱ ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አሳተመ። ከከተማችን ሳትርቅ ስንቱን እንደምታገኝ ታውቃለህ? እንጦጦ አለ። ገፈርሳ አለ። መናገሻ ደን፣ የሱሉልታ ሜዳ፣ አቃቂና አባ ሳሙኤል አሉ። ታክሲ ይዘህ የምትደርስባቸው ናቸው።

የመናገሻን ነገር ካነሳሁ አይቀር። እንደሚነገረው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው በ15ኛው መቶ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት። ወፍ ዋሻ! የደን ስም በወፍ የሚጠራበት አገር ነው ያለን። ሶሪት ማየት የምትፈልጊዋ ልጄ፣ እንጦጦ ካልሆነልሽ አንድ ቀን መናገሻ ሱባ ሂጂ። ትልልቆቹ ጽዶች ሥር ስትቆሚ ጫካ ማለት ምን እንደሆነ ይገባሻል።

ወደ ቆጠራው። አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ቦታ ምረጥ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ቁም። ያየኸውንና የሰማኸውን ጻፍ። ያላወቅከውን «ያላወቅኩት» ብለህ ጻፍ፤ አታስመስል። ምንም ያላየህበትንም ቀን ጻፍ፤ ባዶ ቀን መረጃ ነው። በስልክህ ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ብትመዘግበው ደግሞ ሌላም ሰው ይጠቀምበታል። የዛሬ አምስት ዓመት ሰው «ድሮ ብዙ ነበር» ሲልህ ደብተርህን ታወጣለህ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ የሰፈራችን ልጆች ሥራ አግኝተዋል። አንዱ ጓደኛዬ ግቢ ማጽዳት ላይ ነው። ትናንት ማታ ይህን ክር አነበብኩለት። «እኛ እኮ ቁጥቋጦውን የምንመነጥረው ንጹሕ እንዲመስል ነው፤ ጎብኚ እንዲህ ነው የሚወደው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ንጹሕ ጫካ ማለት ለእኛ የተጠረገ ጫካ ነው። ግቢ ሲባል የለመድነው እንዲያ ነው።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቂት እርምጃ ጠርጎ ከዚያ ወዲያ ያለውን መተው አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ለኔማ ሥራ ይቀንስልኛል፤ አለቃዬን ማን ያሳምንልኝ?» አለ።

ቄራ ማዶ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ከላይ ሰሌዳ ቢሰቅሉስ? «ይህ ቁጥቋጦ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ነዋሪ አለበት» ብለው። ሰው ካወቀ ቆሻሻ ነው አይልም።

ሾላ ሥር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡25

ሰሌዳው ላይ የሶሪት ሥዕል ይኑር። ልጄ ትሥላለች፤ በነጻ።

ከምሬ ግን፣ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚመጣ አለ? ስድስት ኪሎ ተገናኝተን አብረን ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እንውጣ። መምህር፣ እርስዎ ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ቁልቁለቱን ደግፈን እናወርድዎታለን።

ጉለሌ መምህር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እመጣለሁ። መደገፍ አያስፈልግም። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ሽቶ ግን ብትቀቡ ወፍ ግድ የላትም።

ካሜራ ብቻ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡04

አለሁ። ሁለት ቢኖኩላር አለኝ፤ በተራ እንያዝ።

አቶ ባህር ዛፍ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡45

እሑድ አልመጣም፤ እንቅልፍ እወዳለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት መምህር እንዳሉት በረንዳዬ ላይ ቆጠርኩ። ካዛንቺስ፣ ከ12፡30 እስከ 12፡40፦

እርግብ 31። ጭልፊት 6። ቁራ 4፤ አንደኛው ያ ግዙፉ፣ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው። ድንቢጥ ብዙ፤ መቁጠር አቃተኝ። አንዲት ትልቅ ወፍ እየተንጫጫች በላዬ አለፈች፤ ጠባቂያችን ጋጋኖ ናት አለ። ያላወቅኩት 3፤ ግራጫ ቡናማ ናቸው፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው ይረዝማል፣ ራሳቸው ላይ ቁንጮ አላቸው። ጎረቤት ግቢ ካለችው የመጨረሻ ዛፍ ውስጥ አይጥ በሚመስል አካሄድ ይሽሎከለካሉ።

ስንት ዓመት እዚያ በረንዳ ላይ ቡና ጠጥቻለሁ። እነዚያን ሦስቱን አንድም ቀን አላየኋቸውም። ምንድን ናቸው?

ካሜራ ብቻ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡58

በእንግሊዝኛው እንኳ «አይጥ ወፍ» ነው የሚሏቸው፤ ራስህ ሰይመሃቸዋል። ፍሬና ቅጠል በል ናቸው፤ እንዳልከው በቡድን ነው የሚሄዱት። ያቺ የጎረቤት ዛፍ ምን ዓይነት ናት?

አቶ ባህር ዛፍ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ወርጄ ጠየቅኩ። ሾላ ናት አሉኝ።